የስህተት ወንፈል

የሰይድን መርዶ የነገረኝ ሰው የለም። ነጋሪ ቢኖር ኖሮ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቼ፣ «አላህ ጀነት ያግባው» ብዬ፣ ሰው እንደሚሆነው እሆን ነበር። መርሳ ላይ ስለ እሱ የሚባለው ግን «በባህር ሄደ» ብቻ ነው። በእኛ በሐብሩ ወረዳ ይህ በቂ ወሬ ነው። ደረሰ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደርሶ ቢሆን ተናጋሪው ራሱ ይጨምረው ነበርና።

እናቱ እማማ ዘይነባ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገድ ሶላት አለ፤ ጎረቤቶቻቸው ለሰይድ ይሰገድለት ሲሉ «ሞተ ያለው ማነው? እፊቴ ይምጣና ይንገረኝ» ብለው መለሱ። ማንም እፊታቸው አልመጣም። እኔም ስለ ሞተ ሰው ይሁን ስለ ዘገየ ሰው እንደምጽፍ ሳላውቅ ነው የምጽፈው።

ሰይድን ያወቅሁት ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ገና የሲሚንቶ ሽታው ሳይለቀው ነው። እኔ የከተማው ልጅ ነኝ፤ አባቴ መናኸሪያው አጠገብ መካኒክ ነበር። እሱ ከግራና በላይ ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከእኔ በአንድ ዓመት የሚቀድም። አንድ ቀን የተማሪዎች ካፌ በር ላይ በእጁ የጻፈውን ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ስህተት ያለባችሁ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ላቡ ኑ። ስህተት የሌለበት እንዳይመጣ።»

ጊዜው «አንድ ለአምስት ተደራጁ» የሚባልበት፣ ግምገማው፣ ሂስና ግለ ሂሱ የማያልቅበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ግማሹ ተማሪ ፖለቲካ መስሎት ቀረ። ከመጡት መካከል ሁለት ሴቶች የንስሐ ጉባኤ ነው ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር የመጡት። አንድ የማናውቀው ጎልማሳ ደግሞ ከኋላ ተቀምጦ ማን ምን እንደሚል ሲከታተል ቆየና፣ የምናወራው ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራምና ስለ ሴሚኮለን ብቻ መሆኑን ሲያረጋግጥ ተነስቶ ወጣ። የፕሮግራሚንግ ክበባችን እንዲህ ተመሠረተ። ነጠላ ካጣፉት ሁለት ሴቶች አንዷ ብርቱካን ትባላለች፤ የእኛው ክፍል ተማሪ ነበረች፣ አፍራ ስለነበር መውጣት አቃታትና በዚያው ቀረች።

ሰይድ ረጅምና ቀጭን ነው። ሲያስብ ቀኝ እጁን ማጅራቱ ላይ ያሳርፋል፤ መልሱ ከዚያ የሚመጣ ይመስል ያሻሸዋል። የዚያን ቀንም እንዲሁ አሸት አደረገና «ስሙኝማ» አለን። «አባቴ ማሽላውን ብቻውን ሲያጭድ አይቼ አላውቅም። ዛሬ እኛ ማሳ፣ ነገ ጎረቤት ማሳ። ወንፈል ነው። እናንተ ግን ስህተታችሁን ታቅፋችሁ ብቻችሁን ታድራላችሁ። የራሱን ስህተት የሚያይ ዓይን አላህ ለማንም አልሰጠም፣ ወላሂ። ስጡና ተቀበሉ።»

ሥርዓቱ ይኸው ነበር። የጻፍከውን ፕሮግራም ለሌላ ሰው ትሰጣለህ፤ የሌላውን ደግሞ አንተ ትወስዳለህ። አንባቢው መስመር በመስመር ጮክ ብሎ ያነባል። ጸሐፊው አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። «እኔ ያሰብኩት እኮ...» ማለት አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ከልጅነቴ አይሆንልኝም፤ የመጀመሪያው ቀን ብርቱካን የእኔን ስታነብ ሦስተኛው መስመር ላይ ዘለልኩ። ሰይድ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። «ደሳለኝ፣ ያሰብከውን የሚሰማ አላህ ብቻ ነው። ማሽን የሚሰማው ያልከውን ነው።»

ሌላም ሕግ ነበረው። አንብቦ «ደህና ነው» ብሎ ያሳለፈ ሰው፣ በኋላ ስህተት ቢገኝ ተጠያቂው እሱ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። «ያነበበ ተረከበ» ይላል። መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎን ስንስቅበት ነበር።

ሌሎቹ ክበቦች ባነር ነበራቸው፣ ማኅተም ነበራቸው። የፀረ ሙስና ክበብ በየስብሰባው ለስላሳና ቆሎ ይታደለው ነበር። የእኛ ክበብ የነበረው ሰይድ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ያውም ቅዳሜን ጠብቆ ይጠፋ ነበር፣ ሌላው ወደ ዶርም ሲገባ እሱ እኛን ወደ ሜዳው ይነዳናል። እዚያ እኛው ራሳችን ማሽን እንሆናለን። አንዱ ቁጥር ይይዛል፣ አንዱ ይደምራል፣ ብርቱካን መሀል ቆማ «እውነት ከሆነ በቀኝ፣ ካልሆነ በግራ» እያለች ሰው ታሳልፋለች። አንድ ወፍራም የሐራ ልጅ ነበር፤ ሜዳው መሀል ያለውን ግራር እንዲዞር አዘዝነውና መቆሚያውን ሳንጽፍለት ቀረን። እኛ ሌላ ነገር ስንከራከር ረሳነው። ከብዙ ዙር በኋላ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ «ሰይዶ፣ መብራት እስኪመጣ ልዙር እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሰይድ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ከዚያ ተነሳና ኮስተር አለ፦ «አያችሁ? ጥፋቱ የዞረው አይደለም። መቆሚያውን ያልጻፈለት ነው።»

በዓመቱ መጨረሻ ክበቦች ሥራቸውን ለእንግዶች እንዲያሳዩ ተባለ። እኛ ቀላል ነገር አዘጋጀን፤ የተወለድክበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በእኛ አቆጣጠር ስታስገባ፣ ከሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደተወለድክ የሚነግር ፕሮግራም። ዋናውን ክፍል የጻፈችው ብርቱካን ናት። ያነበበላት ሰይድ ነው። እንግዶቹ በኮሌጁ ዲን እየተመሩ መጡና ተራ በተራ አስገቡ፤ ማክሰኞ፣ እሑድ፣ ሐሙስ እያለ መለሰላቸው። አጨበጨቡ። ዲኑ ደስ ብሎት «እስቲ የራስህን አስገባ» አለው ሰይድን።

ሰይድ የተወለደው ጳጉሜ ሦስት ነው። ሳቅ እያለ አስገባ። ማሽኑ «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ መለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብርቱካንም እኛም ፕሮግራም የተማርነው ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ከሆነ መጽሐፍ ነው። የወሮቹን ስም ቀየርን፤ ቁጥራቸውን ግን እንዳለ ተውነው። በጳጉሜ ዝናብ እየተንቦራጨቅን ያደግን ልጆች፣ ጳጉሜን ከዓመቱ ውስጥ ጥለናት ስናልፍ አንዳችንም አላየንም። ዲኑ እንግዶቹን ዞር ብሎ አየና «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ባለበት አገር አሥራ ሁለት ወር! ማነው የሠራው?» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። የብርቱካን ከንፈር ሲነጣ አየሁ። ሰይድ እጁን አወጣ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብርቱካን እያለቀሰች ያዘችው። «ለምን ትዋሻለህ? እኔ አይደለሁም እንዴ የጻፍኩት?»

«መች ዋሸሁ? ያነበበ ተረከበ። የተወለድኩበት ወር መጉደሉን ሳላይ አንብቤ ካሳለፍኩ ጥፋቱ የማን ነው?» አለና፣ ለቅሶዋን እንድታቆም «ደግሞስ ጳጉሜ ደሞዝ የላት፤ ማን ያስታውሳታል?» ብሎ ቀለደ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ያን ቀን ነው ይህን ሰው የወደድኩት። እስከዚያ ድረስ አከብረው ነበር እንጂ እንደዚያ አልወደውም ነበር።

ፕሮግራሙን አቃንተን፣ ስድስተኛዋን ጳጉሜ ሳይቀር አስገብተን፣ በእረፍቱ ግራና ገበያ ይዘነው ሄድን። የመምህር ላፕቶፕ ለምነን ነበር። ሰዉ ከበበን። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «በል እኔ በምን ቀን ተወለድሁ?» አሉት። ሰይድ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ቀኑንና ወሩን ይንገሩኛ» አላቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «ቀኑን ባውቅ አንተን ምን ብዬ እጠይቃለሁ!» ሰይድ ይህን ንግግር ለብዙ ጊዜ ሲደጋግመው ኖረ። «ከፕሮፌሰር ያልሰማሁት ጥያቄ» ይል ነበር።

እነ ሰይድ ቤትም ገባን። እማማ ዘይነባ ግን ቀኑን አልረሱትም። ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖች ናቸው፤ ምጡ ሲይዛቸው የጎረቤት ልጆች በሩፋኤል ዝናብ እየጨፈሩ ነበር። ሰይድ አስገባ። «ዓርብ» አለ ማሽኑ።

«ጁምአ ነው ብዬህ አልነበረም?» ብለው በደስታ ጮኹና የላፕቶፑን ጀርባ እንደ ልጅ መታ መታ አደረጉት። «ሐቀኛ ነህ፣ ተባረክ።»

ሰይድ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያው ላብ ውስጥ ረዳት ሆኖ መቀጠር። አዲስ አበባ አላማረውም፣ ውጭ አገር አላማረውም። «ቁልፉን ይስጡኝ እንጂ ቅዳሜን እኔ አውቅበታለሁ» ይል ነበር። ሲመረቅ ቦታው ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ወጣ፤ አመለከተ። ቃለ መጠይቁ ላይ ዲኑ ቀና ብሎ «አንተ የጳጉሜው ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። አልተቀጠረም። ለዚያ ነው አልልም፤ የፓርቲ አባል መሆን አለመሆንም በዚያ ዘመን የሚመዘን ነገር ነበር፣ እሱ ደግሞ የሚያውቀው ማኅበር የቅዳሜውን ብቻ ነው። ግን ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የብርቱካንም ጆሮ ላይ አለ፤ ስሙ ሲነሳ ከክፍል ትወጣ ነበር።

መርሳ ወረደና አንድ ሱቅ ውስጥ ለሰው ስልክ ዘፈንና መንዙማ የሚጭን ሆነ። በክበባችን የሚበልጠው ያልነበረ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ «አንድ ሚሞሪ ሙላልኝ» ሲባል ይውላል። ቅዳሜ ሲሆን ግን በሚኒባስ ወልድያ ይመጣል። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ሞላ ያውቁታል፤ «ግባ የኔ ልጅ» እያሉ ያሳልፉት ነበር። እሱ ላብ ሲገባ እንዳልተመረቀ፣ ምንም እንዳልተለወጠ ነበር የሚሆነው።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። በየቦታው ረብሻ ተሰማ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መታወቂያ የሌለው ግቢ እንዳይገባ ትእዛዝ ወጣ። ጋሽ ሞላ ኮፍያቸውን አውልቀው «አለቆቼን አታስቆጣብኝ ልጄ፣ እንጀራዬ ነው» አሉት። «አብሽር ጋሼ» አላቸውና ወደ ኋላ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኛ ወደ እሱ ሄድን። አጥሩ የሽቦ ነው፤ እኛ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ቆመን ወንፈሉን ቀጠልን። ወረቀቱን ጠቅልለን በሽቦው ቀዳዳ እናሾልክለታለን፤ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኛ ዝም እንላለን። በአስፋልቱ የሚያልፉ የባጃጅ ሾፌሮች እብድ መስሏቸው ክላክስ ያሰሙበት ነበር። አንድ ጊዜ ዝናብ መጣ፤ ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ፣ በቃሉ የያዘውን ሁለት መስመር ጨርሶ ነው የሮጠው።

ይህም ሰነበተና ሌሎች ጥበቃዎች መጡ። «አጥር ላይ መሰብሰብ አይቻልም፣ ተበተኑ» አሉን። አንደኛው ሰይድን ከውጭ በኩል ክንዱን ያዘው። እኛ መጮህ ስንጀምር ሰይድ በነፃ እጁ ዝም አሰኘን።

«እናንተ ግቡ። ወንፈሉ እንዳይቀር።»

ጥበቃው ሲለቀው እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ። ነፋስ ይሰማል፣ የሚጯጯሁ ሰዎች ይሰማሉ።

«ደሳለኝ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰይዶ! የት ነህ?»

«ጅቡቲ። ባህሩ ይታየኛል።»

ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም፤ ሰደብኩት መሰለኝ። «ለማን ነግረህ ነው? እናትህ ያውቃሉ? እኛስ?»

ሳቀ። «ለእናንተማ ብነግር ታነቡልኝና ስህተት ታገኙበታላችሁ።»

«ተመለስ በናትህ።»

«ቅዳሜ ማን አነበበ?»

«ብርቱካን።»

«ማሻአላህ። ጥሩ አንባቢ ናት። በላት... ከእኔ ትበልጣለች በላት። አብሽር አንተ፣ ደህና ነኝ።» ስልኩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተሰማኝ፤ ተቋረጠ።

ደህና ነኝ አለኝ። እኔም እንደ ማሽን ያለኝን ሰማሁ። ያሰበውን የሰማው አላህ ብቻ ነው።

ወራት አለፉ። በመጨረሻ አንድ የግራና ልጅ ከየመን ተጠርዞ ተመለሰ፤ ሄጄ አገኘሁት። ሁለት ጀልባ ነበሩ አለኝ። እሱ በአንዱ፣ ሰይድ በሌላው። ሲመሽ ተነሱ፣ ነፋስ ተነሳ፣ ሲነጋ የእነ ሰይድ ጀልባ አልታየም። «ሌላ ዳርቻ ወርዶ ይሆናል» አለኝ፤ ግን ይህን ሲል እግሩን ነበር የሚያየው። ለእማማ ዘይነባም ይህንኑ ነግሯቸዋል። «አላየሁም ካልክ አላየህም» ብለው ምሳ አብልተው ሸኙት።

እኔ ተናድጃለሁ። በበሩም፣ በሳቁም፣ በባህሩም ተናድጃለሁ። ከሁሉ የሚብሰኝ ግን በእሱ ነው። ሰውን ሁሉ ስህተትህን ይዘህ ብቻህን አትደር ሲል የኖረ ሰው፣ የሕይወቱን ትልቁን ነገር ለማንም ሳያስነብብ ይዞ ሄደ። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢያነብልን ኖሮ መርሳ መንገድ ላይ እንተኛ ነበር እንጂ አናሳልፈውም ነበር። ናፍቆኛልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እስከ ዛሬ ሰውነቴ ቦታ ያጣል።

ባለፈው ጳጉሜ ሦስት ግራና ሄድኩ። እማማ ዘይነባ ቤቱን አጥበው፣ የሰይድን አልጋ አንጥፈው አገኘኋቸው። እንደ ወትሮው ጤናዬን፣ የአባቴን ጤና፣ የብርቱካንን ጤና ጠየቁ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ያን ማሽናችሁን ይዘኸዋል?»

«ላፕቶፑን? ያ የመምህሩ ነበር፤ አሁን የራሴን ይዣለሁ፣ እማማ።»

«ያ ቀን የሚያውቀው አለበት?»

«አለበት።»

«ክፈትልኝ።»

ከፈትኩት። ሰይድ ያቃናው፣ ጳጉሜ ያለበት ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉት፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። እማማ ዘይነባ የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው ስክሪኑን ጠረግ አደረጉት።

«የተወለደበትን ሳይሳሳት ነግሮኛል፤ ሐቀኛ ነው። ሰው ሁሉ ይደብቀኛል፣ እሱ አይደብቀኝም። የሚመጣበትን ጠይቅልኝ። የማይመጣም ከሆነ የሞተበትን ይንገረኝ፤ ልቀመጥለት፣ ላልቅስለት። እንዲህ ሆኜ ስንት ዘመን እኖራለሁ?»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቁኛል።

«እማማ... እሱ እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ ቀኑን ስጡኝ ይላል። ቀኑን ሲሰጡት ነው የሚመልሰው።»

ውጭ ዝናቡ ጀመረ። የጎረቤት ልጆች «ሩፋኤል! ሩፋኤል!» እያሉ እየተጯጯሁ ከየቤቱ ወጡ። እማማ ዘይነባ ባዶዎቹን ሳጥኖች አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ቀኑንማ» አሉ፣ «ለእኔ ማን ሰጠኝ፣ ልጄ።»